ማግኔቱን ያስጠጋሁ ለት

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጅ አልነበርኩም፤ አላወቅሁም አልልም። ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

ቡታጅራ ከተማ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ማን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ የተበላሹ ሬዲዮዎች። ታናሽ ወንድሜ ግን ለሁለተኛ ዲግሪው ጉድ የሆነ ነገር ይዞ ነበር፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ማግኔቶች ያሉበት ቺፕ። ኢንፍራሬድ፣ ያ ለዓይን የማይታየው የሙቀት ብርሃን፣ ሲያርፍባቸው ዘንበል ይላሉ፤ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ይለወጣል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ በክፍሉ ሙቀት ይሠራል። መምህሩ ከውጭ ያስመጡለት አንድ ብቻ ነበር።

ደካማውን ምልክት የሚያጎላውን ሰርኪዩት የበየድኩት እኔ ነኝ፤ በካውያዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ። መዳፌን ስዘረጋለት የመለኪያው መርፌ ብድግ ሲል የጮህኩትም እኔ ነኝ። "እታለም፣ ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ይጻፋል" ብሎኝ ነበር።

ለመስቀል ጓደኞቹን ይዞ ሱቄ መጣ። አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሰርኪዩት አይቶ "ይቺን ማን ሠራት?" ሲል፣ ወንድሜ እየሳቀ "እኔ ነኛ! እሷማ አቧራ ትጠርግልኛለች" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በእኛ ቤት ቂም ይዞ የመስቀል ማዕድ መቅረብ ነውር ነው፤ አጎቴ እየዞሩ ይጠይቃሉ። "የተቀየምሽው አለ?" አሉኝ። "የለም" አልኩ። ዋሽቼ ክትፎ ጎረስኩ።

በማግስቱ ከአሮጌ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት ቺፑ ላይ ጫንኩበት። ትልቅ ማግኔት ትንንሾቹን እንደሚያበላሽ ራሱ ነበር ያስጠነቀቀኝ። አውቄ ጫንኩበት። እስከ አንድ ሺህ ቆጠርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር? አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬስ? አንዳንድ ቀን፣ ዛሬም። ሊወስደው ሲመጣ "ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል" አልኩት። አመነኝ።

የመመረቂያ ሥራውን ባቀረበበት ቀን፣ ፈታኞቹ ፊት እጁን ዘረጋ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ድገም አሉት፤ በምን ይድገም?

ተበድዬ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የነጠቀኝን ሥራ ነው ያጠፋሁት፤ የገዛ እጄን ሥራ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው እስካሁን አያውቅም።

የሆነውን ጓደኛው ነው የነገረኝ። አንዱ ፈታኝ "ብየዳው ይሆናል ችግሩ" ቢሉት፣ ወንድሜ "ብየዳው የእህቴ ነው፣ እሷ አትሳሳትም፤ ቺፑን በአያያዝ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አላቸው። ከዚያ ትምህርቱን ተወ። አሁን እንሴኖ ከተማ በርበሬ ይነግዳል።