በእኔ ስም የወጣ ቁጥር

የደወለልኝ ጋዜጠኛ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጠራና «እርስዎ ነዎት ማዘር?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ኮምቦልቻ ስላለው የልብስ ፋብሪካ የሚጽፈው የፌስቡክ ገጽ የእርስዎ ነው?» ሲለኝ የተሳሳተ ቁጥር የደወለ መሰለኝ። እሱ ግን ሠራተኞች መልእክት እንዲልኩበት ገጹ ላይ የተለጠፈውን ስልክ አነበበልኝ። ቁጥሩን በስልኩ ገንዘብ መላኪያ ላይ ሲያስገባው የባለቤቱ ስም ብሎ ያወጣለት የእኔን ነው። ያኔ ገባኝ። «ቆይተህ ደውል ልጄ» ብዬ ዘጋሁት።

ያ ቁጥር አንድም ቀን በእጄ ኖሮ አያውቅም። ከቢስቲማ መጥታ ደሴ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ለተከራየች ልጅ ያወጣሁላት ነው። የከተማ መታወቂያ ስላልነበራት የእኔን ይዤ አብሬያት ሄድኩ፤ ሲም ካርዱም በስሜ ወጣ። በሰፈራችን እንዲህ ያላደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኋላ ፋብሪካው ቀጠራትና ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። በበዓል እየመጣች ትጠይቀኛለች። ስለ መጻፍ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ደወልኩላት። ጋዜጠኛው ያለኝን ስነግራት «ወላሂ እትዬ፣ በእርስዎ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አለችኝ። ከታወቀች እንደሚያባርሯት፣ ሌላ ፋብሪካም እንደማይቀበላት ነገረችኝ። ቢስቲማ ያሉት እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት እሷ በምትልክላቸው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ነው ሥራ የጀመርኩት። የከተማውን ሰው ጉዳይ ስሰማ ኖሬ አንዱንም ለሰው አላወራሁም። እሷንም «ከእኔ አይወጣም» አልኳት። አልወጣምም። የማፍረው በዚህ አይደለም።

ጋዜጠኛው ራሱ ደሴ ድረስ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ሲገባ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ገጹን አሳየኝ።

«እዚህ ጋ አንድ የፈረቃ አለቃ በስሙ ተጠርቶ ሴቶቹን ይሳደባል ተብሏል። ሰውዬው ማን እንደከሰሰው ማወቅ የለበትም ማዘር?»

ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። የእኔም ስም ቢነሳ ማን አነሳው ማለቴ አይቀርም።

«መሳደቡስ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ዘገባ ነው።»

«እሱን ብታስቀድም አይሻልም?»

ሳቀ። «እርስዎ እኮ ከእኛ ይብሳሉ! እሺ፣ እርስዎ ካልሆኑ ማን ነው? ይንገሩኝና እተውዎታለሁ።»

መልስ አልሰጠሁትም። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረው። ልሸኘው በሩ ላይ ስቆም ፎቶ አነሳኝ።

ዘገባው ወጣ። ስሜም ሰፈሬም ፎቶዬም አለበት። ከሠራተኞች እየሰማች በድብቅ የምትጽፈው ጡረተኛ ይላል። ሰው ፊት እንዴት እቀርባለሁ ብዬ ተጨነቅኩ። የማኅበራችን ተራ ደርሶ ስገባ አንዷ ወዳጄ ገና ከደጅ ተቀበለችኝ።

«አንቺ ዝምተኛ! ለካ እኛ ስንቀባጥር አንቺ ትለቅሚ ኖሯል? እኔን እንዳትጽፊኝ ብቻ፣ ባሌን እንደፈለግሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ከገጹ አነበበችላቸው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሽንት ቤት የሚከፈተው በሰዓት ነው ተብለናል። ሆዳችንም ሰዓት ማንበብ ይማር።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ይሄ ካንቺ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል!» አለችኝ። መካድ አልችልም ነበር። ፈገግ ማለት ግን የግድ አልነበረም።

ልጅቷን በዓይኔ ለማየት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከፈረቃ ወጥታ መናኸሪያ ጠበቀችኝ፤ ቦርሳዬንም ተቀበለችኝ። ጥቂት እንደሄድን ከፋብሪካ የወጡ ሴቶች ከዘገባው ፎቶ አውቀውኝ አስቆሙን። አንዷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል በትከሻዋ ያዝኳት።

«እማማ፣ ማሽን ላይ ራሷን ስታ ወደቀች ብለው የጻፉት እኔን ነው። ስወድቅ ሁሉም አይቶኛል። የጻፈልኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አይዞሽ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ልጅቷን ለመሸሸግ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እኔ ግን ፊቷን በእጄ ይዤ «አንቺ እንዲያ ወድቀሽ እኔ እንዴት ዝም እላለሁ?» አልኳት። አለቀሰች። ሌሎቹም ዓይናቸውን ጠረጉ። ያንን የጻፈችው ልጅ አጠገቤ ቦርሳዬን ይዛ ቆማለች።

ሴቶቹ ሲሄዱ አልወቀሰችኝም። «ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ባጃጅ እንያዝ» ብቻ አለችኝ። ክፍሏ ገብተን ስንቀመጥ ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጻፊ እንግዲህ። አሁን ማንም አይጠረጥርሽም።»

«አልቻልኩም እትዬ። ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት። አሁን ሲያነቡት በእርስዎ ድምፅ ነው የሚያነቡት።»

«ታዲያ ድምፄ ምን አለው?»

«ምንም የለውም። የእኔ አይደለም እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ አዲስ ነገር አልወጣም። ጋዜጠኛው ደውሎ «ማዘር፣ ማን አስፈራርቶዎት ነው?» አለኝ፤ የእውነት የተጨነቀ ይመስላል። የእኔ አይደለም ብዬ ብነግረው የማን ነው ብሎ ፍለጋውን ይቀጥላል። «ደከመኝ» አልኩት። እሱንም ጻፈው። ስለ ሽንት ቤቱና ስለ አለቃው ግን እስከ ዛሬ የጻፈው ነገር የለም።

ልጅቷ ሥራዋ ላይ ናት፤ ለቤተሰቧም ትልካለች። በዒድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ገጹን ከፍታ በመጨረሻው ጽሑፍ ሥር የተደረደሩትን አስተያየቶች አሳየችኝ። «እማማ፣ ለምን ተዉን?» የሚለው ብዙ ነው። አንዷ ትርፍ ሰዓት አልሠራም በማለቷ እንደተባረረች ጽፋ «እርስዎ ቢኖሩ ይጽፉልኝ ነበር» ብላለች።

«ምን ብዬ ልመልስላት?» አለችኝ ልጅቷ፣ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች። እየጠየቀችኝ ነበር። በስሜ ስለሚጻፍ መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች። ጥቂት ጠበቀችኝና ስልኩን አጠፋችው።