ለጣና የሚሆን ያገለገለ ጀልባ

ጎርጎራ ወደብ ሥራ በጀመርሁበት ዕለት ጀልባ አሰጠምሁ። ማዕበል አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም። ጀልባዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ጥፋቱ የኔው ብቻ ነው፤ ማንንም አላጋራበትም።

የታዘዝሁት ጀልባዋን የብስ ላይ እንዳጥብ ነበር። እጣቢው እንዲወጣ ከኋላዋ ያለውን ቡሽ ነቀልሁና እንዳይጠፋብኝ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ ትጉህ ሠራተኛ መሆኔን አለቃ ይይልኝ ብዬ፣ ማንም ሳያዝዘኝ ጀልባዋን ገፍቼ ውኃ ውስጥ አስገባሁና ቁርሴን ልበላ ሄድሁ። ሽሮዬን ጠርጌ ስመለስ ከውኃው በላይ የቀረው የአፍንጫዋ ጫፍ ነው። የሜካኒኮቹ አለቃ ጋሽ ተገኘ ዳር ቆሞ ያያታል።

«እሷስ ጠጣች፤ አንተ በላህ?» አለኝ።

«በላሁ ጋሼ።»

«ተመስገን። ቡሹስ?»

ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ሸጋ አድርገህ አስቀምጠኸዋል» ብሎ ጣሳ ሰጠኝ። እስኪመሽ ውኃ ስቀዳ ዋልሁ። ያን ቀን የወጣልኝ «ቡሼ» የሚል ስም ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

ከጣሳ ተነሥቼ ረዳት ሆንሁ፤ ከረዳትነት ሞተር ፈቺ፣ በኋላም ጋሽ ተገኘ ሲያርፍ በሱ ቦታ የሜካኒክ አለቃ። ዕድሜዬ ያለቀው ቤንዚን ስሸት ነው። ባለቤቴ ክብሪት ስታነሣ መጀመሪያ እኔን ከምድጃው ታርቅ ነበር።

አሁን ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቁጭ ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ግን ሰው መጥቶ «ያገለገለ ጀልባ ልንገዛ ነው፤ ቀለሙ እንዴት ሸጋ መሰለህ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ሐኪሙ ጨውና ንዴት ቀንስ ብሎኛል። ጨዉን ቀንሻለሁ።

ምነው አልናደድ? ጣናን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጧት ጧት እንደ ጾመኛ ጭምት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱ መትቶህ ሳትቃና ሌላው ይደርሳል። ይህን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ጀልባ ሻጮች ናቸው። ስለዚህ ጀልባ የሚያሳዩት ጧት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ሁለት ሰዎች ደጄ መጡ። አንደኛው መሪጌታ ፍሬስብሐት ናቸው፤ ጎንደር ከሚገኝ አንድ ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ የተወለዱት ግን ደንቢያ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ መንደር ነው። ሁለተኛው አያ ጥጋቡ ይባላል፤ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጣ ገበሬ ነው። ልጁን ለዚያው መንደር ድሯት ነበር።

መንደሩ በክረምት መንገድ የለውም። ሜዳውን ውኃ ይሞላዋል፣ ጥቁሩ አፈር ሰውም ከብትም ይውጣል። የሚቀረው ሐይቁ ነው። አምና ክረምት የአያ ጥጋቡ ልጅ ምጥ ጠናባት። ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት በጣንኳ አስተኟት። ነፋሱ ተነሣ፣ ከደንገል የታሰረው ጣንኳ አልችል አለ፣ መለሷት። ከነልጇ ሞተች።

ደብሩ ገንዘብ አዋጣ። ወላዶችን የሚያሻግር የሞተር ጀልባ ሊገዙ ነው።

«አግኝተናል» አሉኝ መሪጌታ። «አንተ አየት አድርገህ ሞተሩን እንድትነግረን ያህል ነው እንጂ፣ ተስማምተናል። መርቄበታለሁም።»

«መርቀዋል?»

«ምነው?»

በኛ አገር ሽማግሌ ወይም ካህን የመረቀው ሽያጭ ያለቀለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያፈገፍግ ሰው ስሙ ይበላሻል። ደላላው ይህን አውቆ ገና ሳይጠየቅ ቆቡን አውልቆ «ይመርቁን» ብሏቸዋል። እሳቸውም የጀልባው ወንበር ላይ ተቀምጠው መረቁ።

«ሰማያዊ ነው» አሉ መሪጌታ። «ወንበሩ ጨርቅ የለበሰ። ስትሳፈርበት እንደ መደብ ነው፤ ንቅንቅ የለ።»

«ጧት ነው የተሳፈራችሁ?»

«ጧት።»

ከዚያ ወዲያ የተናገርሁትን አልጽፈውም።

በማግስቱ ጎርጎራ ወረድን። ደላላው ስንታየሁ ይባላል፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ምላሱን ቅቤ የቀባ ጎልማሳ ነው። ጀልባው በርግጥም ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን የሞተሩ ሽፋን ላይ ማሳረፍ ነበር። ይሞቃል።

«አስነሥተህ ነው የጠበቅኸን?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፀሐይ ነው።»

ሽፋኑን አነሣሁ። «ፀሐይዋ እዚህ ውስጥ ገብታ አደረች?»

እናንተ ወጣቶች ይህን ያዙ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ጠባዩን ያሳያል። ሻጭ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው አለ። የማርሹን ዘይት ጠብ አድርጌ አየሁ፤ ወተት መስሏል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ወደ ጀልባው ቂጥ ዞርሁ። ሞተሩ የሚታሰርበት ሳንቃ በፋይበር የተለበጠ ነው። በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረግሁት። ደኅና ሳንቃ እንደ ደረቀ ቅል ይጮኻል። ይህ ድምፁ እንደ ሊጥ ነው። ከላይ አዲስ ቀለም፣ ከሥር የበሰበሰ እንጨት። ሆዱ ደግሞ ዝርግ ነው። እንደ መደብ የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ በሞገድ ጊዜ ውኃውን አይሰነጥቅም፣ በጥፊ ይማታል። ግድግዳው አጭር፣ ሞተሩ ሁለት ሰው የሚያነሣው ግዙፍ።

«ይኼ የመዝናኛ ነው» አልሁ። «ከትንሽ ኩሬ የመጣ የጎረምሳ መጫወቻ።»

«ጋሼ፣ የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለ ስንታየሁ።

«ፈረሱን ተወው። የሚሰበረው ጋሪው ነው።»

መሪጌታ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምርቃት ከአፌ ወጥቷል፤ እንዴት ይመለሳል?»

«የርስዎ ምርቃት የበሰበሰ ሳንቃ አያደርቅም» አልኋቸው። ለመሪጌታ እንዲህ አይባልም። ግን አልሁት።

አያ ጥጋቡ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጀልባውን ይዞረዋል። ትከሻው ላይ የጠፍር መጫኛ ጠምጥሟል፤ እነሱ አገር ሰው ሊገዛ ሲሄድ ማሰሪያ ሳይዝ አይወጣም፣ ጀልባም ቢሆን።

«በኛ አገር» አለ በመጨረሻ፣ «በቅሎ የሚመረቀው ዳገት ላይ ከታየ በኋላ ነው። ሜዳ ላይማ ሁሉም በቅሎ ነው። ይጫንና ነፋሱ ሲነሣ ይሂድ።»

እኔ ሳልለው እሱ አለው። የቅናት ነገር ሆነና ትንሽ ከፋኝ።

ጆንያ አሸዋ ሞላን። አንዱን ለተሸካሚው፣ አንዱን ለአማቲቱ፣ እንዲህ እያልን በየቦታው አስቀመጥን። አያ ጥጋቡ አንዱን መርጦ መካከል ላይ አጋደመው። ለወላዷ መሆኑን ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ተቀምጠን ነፋሱን ጠበቅን። መጣ።

«ስንታየሁ፣ ግባ» አልሁት።

«እኔ?»

«ሻጩ አንተ አይደለህ?»

«ዛሬ ሆዴን አሞኛል ጋሼ።»

ሆዱን ያመመው ሐይቁ ነጭ ነጭ ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በቃኝ ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ሻጩ የማይሳፈርበት ጀልባ ከዚህ በላይ ምን ይፈተናል? እኔ ግን ንዴቴን አስቀድሜ፣ ጭንቅላቴን ወደብ ላይ ትቼ ሞተሩን አስነሣሁ። አያ ጥጋቡ ገባ። መሪጌታም ነጠላቸውን አጣፍተው «የመረቅሁት እኔ ነኝ» ብለው ገቡ።

ከወደቡ ራቅ እንዳልን ጥፊው ጀመረ። ዝርጉ ሆድ በያንዳንዱ ሞገድ ይነሣና ይወድቃል፤ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። ልመልሰው ሳዞር ሞገዱ በኋላ በኩል ገባ። ከሥሬ አንድ ነገር ቋ አለ። ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ዘመመ። ከወደቀ ከነሳንቃው ነው፤ ከዚያ ጀልባው ኋላው የሌለው ገንዳ ይሆናል።

ገመድ ፈለግሁ። ገመድ የለም። ያለ ገመድ ከወደብ የወጣ ሠራተኛ ስቀጣ የኖርሁ አለቃ፣ ገመድ ሳልይዝ ወጥቻለሁ። አያ ጥጋቡ መጫኛውን ከትከሻው ፈትቶ ወረወረልኝ። ሞተሩን ከፊተኛው ወንበር ብረት ጋር ቀፍድጄ አሰርሁት።

«አራግፉ፤ ውኃውንም ቅዱ» አልሁ። መሪጌታ ጫማቸውን አውልቀው በሱ ይቀዳሉ፤ በአፋቸው ደግሞ መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። አያ ጥጋቡ ጆንያዎቹን አንድ ባንድ ሐይቁ ውስጥ ጣለ። መካከል የተጋደመውን ግን አልነካውም።

«አያ ጥጋቡ፣ ያንንም።»

«እሷ አትጣልም» አለ።

አልተከራከርሁም። ሞተሩን አነስ አድርጌ፣ ሞገዱን በጎን እየሸሸሁ፣ እምቦጩን ሰንጥቀን ዳር ደረስን። እሷንም ይዘን።

ስንታየሁ ዳር ቆሟል፤ ሆዱ ተሽሎታል። «እንኳን ደኅና ገባችሁ» አለ።

መሪጌታ ጫማቸውን እየጨመቁ አዩት። «መርቄልህ የነበረውን አንሥቻለሁ። አሁን የምመርቀው ከውኃ መውጣታችንን ነው፤ እዚያ ውስጥ አንተ የለህበትም።» ወደኔ ዞረው ደግሞ «አንተም አፍህን ግዛ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ሞተሩን ልፈታ ብል ጠፍሩ ርሶ ቋጠሮው አልላላ አለ። ሳላስፈቅድ ቢላ አውጥቼ በጠስሁት። አያ ጥጋቡ ሁለቱን ቁራጭ አነሣና ጫፋቸውን አገጣጥሞ አየ።

«ከገዛ በሬዬ ቆዳ ነበር» አለ።

«እተካልሃለሁ።»

«ተካ።»

ሌላ ጀልባ ስፈልግ ሰነበትሁ። ያገኘሁት እዚያው ጎርጎራ ነው፤ የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ። አሉሚኒየም ነው፤ ጎኑ በየቦታው ተሰርጉዷል፤ ቀለም የሚባል አልቀረበትም። ሆዱ ግን እንደ ማረሻ የሾለ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ፣ ሞተሩ ለቁመቱ የሚመጥን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሽማግሌው በገመዱ አንዴ ሳበው፣ ሁለቴ ሳበው፣ ተነሣ። የማቀዝቀዣው ውኃ በጎኑ እንደ ሕፃን ሽንት ቀጥ ብሎ ወጣ። ይህ ከሌለ ፓምፑ ሞቷል፤ እምቦጭ ባለበት ውኃ ደግሞ ቶሎ ይሞታል።

መሪጌታ ዙሪያውን አዩት። «መልኩ ግን…» አሉ።

«መልክ ካሉ እኔንም አይጥሩኝ።»

ነፋሱ ሲነሣ ባለቤቱ ማንም ሳይለው ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠ። ከሞገዱ መካከል ደርሰን ተመለስን፤ ጉልበታችን ረጠበ እንጂ ሌላ አልሆንንም። መሪጌታ ያኔ መረቁ። በዚህ ክረምት ከመንደሩ ወላዶችን ሲያሻግር ከረመ።

በተገዛበት ቀን አያ ጥጋቡ ሽማግሌውን «ይህ ጀልባ አምና የት ነበር?» አለው።

«እዚሁ። ዓይኔ ደክሞ ማስገሩን ከተውሁ ወዲህ ገዥ አጥቼ ክረምቱን እዚሁ ታስሮ ከረመ።»

አያ ጥጋቡ ወደኔ ዞረ። «አያ አለልኝ፣ ያኔ ይህ ቢሆን ትደርስ ነበር?»

እግዜር ያውቃል ማለት ይቻል ነበር። «ትደርስ ነበር» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሐይቁ ዞሮ ቆመ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስንታየሁን ትቼዋለሁ፤ ሌባ ሌባ ነው። ደኅናው ጀልባ ግን ቀለም ስለሌለው ብቻ ዓመት ሙሉ ታስሮ ኖረ። ሰዉ ሁሉ ባጠገቡ እያለፈ ሰማያዊውን ያያል። አዘዞ ፀሐይ ስሞቅ የነበርሁት እኔም አንዱ ነኝ።

እንግዲህ የማውቀው ይህን ነው። ለጣና የሚሆን ያገለገለ ጀልባ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጭነት ተጭኖበት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሻጩ አብሮ ተሳፍሮበት ይታያል። ምርቃት ከዚያ በኋላ ነው።

የአያ ጥጋቡን መጫኛ ገና አልተካሁም። የናይሎን ገመድ ገዝቼ ብልክለት መለሰልኝ። የበሬ ቆዳ ገዝቼ ራሴ ልተለትል ሞከርሁ፤ አንዱ ወገን እንደ መቀነት ሰፋ፣ ሌላው እንደ ጫማ ክር ቀጠነ፤ ፍየል እንኳ የማይታሰርበት ሆነ። አሁን ሌላ ቆዳ ነክሬያለሁ። ባለፈው ለገበያ ጎንደር መጥቶ አገኘኝና «መጫኛዬስ?» አለኝ። ተነክሯል አልሁት።