ያደረ ቅኔ ይዤ ወደ ቁሐር

ነሐሴ ሲገባ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ዘጠኝ ዓመት በንግድ መርከብ ሠርቼ ከተመለስሁ ወዲህ አንድ ስንኝ እንኳ መግጠም አቅቶኛል። ዓለምን ስዞር ልቤን የሆነ ወደብ ጥዬው የመጣሁ መሰለኝና ፈራሁ። በልጅነቴ ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ዛሬም ወረታ አጠገብ፣ ቁሐር ሚካኤል ደብር ይኖራሉ። ባሕር ላይ የጻፍሁትን ግጥም በኪሴ ይዣለሁ፤ እሳቸው ከወደዱት ሌላውም ይመለሳል ብዬ ነው።

ሐሙሲት፣ ረፋድ

አውቶቡሱን ጭቃ ያዘው፤ ወርደን ገፋን። ሻይና ዳቦ በስሙኒ ቀመስሁ።

ወረታ፣ ቀትር

የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሷል። ከገበያ የሚመለሱ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ መንገድ ሊያሳዩኝ ተስማሙ።

«ጌታው፣ ጫማዎን ያውልቁ። እኔ የረገጥሁበትን ብቻ ይርገጡ።»

«ውቅያኖስ የተሻገርሁ ሰው ነኝ» አልሁ፣ ኮራ ብዬ።

«በእግርዎ ነው?»

«በመርከብ።»

«እንግዲያማ ያውልቁት!» ብለው ሳቁብኝ። አወለቅሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ።

ቁሐር፣ ከሰዓት በኋላ

የኔታ ጎጆአቸው ደጃፍ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ድምፄን ግን ለዩት። ጉልበታቸውን ስሜ አነበብሁላቸው፤

ማዶም ሌላ ማዶ፣ ባሕርም ሌላ ባሕር፣
ዓይን አገር ሲያበዛ፣ ልብ ያጣል ሰፈር።

«መቼ የተዘረፈ ነው?»

«ከአራት ዓመት በፊት፣ የኔታ።»

«ያደረ ቅኔ ለመምህር ይቀርባል? እንዲህ ነው ያስተማርሁህ?»

አፈርሁ። ቅኔ ቤት ተማሪ የዛሬውን ዛሬ ዘርፎ ያቀርባል፤ የትናንቱን የደገመ መሳቂያ ነው። ይህን እንዴት ረሳሁት!

«የዛሬውን ስጠኝ።»

«የለኝም የኔታ። ደርቄያለሁ።»

«ከወረታ በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

«እንግዲያ አለህ።»

ጎንበስ ስል ጫማዬ ገና በእጄ ነው። እንባዬ መጣ፤ ስንኙም አብሮት መጣ፤

ስንቱን ውቅያኖስ፣ እግሬ ሳይርስ ሄጄ፣
ፎገራ አራሰኝ፣ ጫማዬ በእጄ።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው የሱሪዬን ጫፍ ጨመቁት፤ ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ወረደ።

«ይኸ የዛሬ ነው» አሉ።

አዲስ አበባ

ባለቤቴ ጭቃ የያዘውን ሱሪ ከሻንጣዬ አውጥታ «ምን አመጣህልን?» አለችኝ። ነገርኋት። ለካ ዘጠኝ ዓመት ዓለምን ከመርከብ ጠርዝ ላይ ሆኜ አየሁት እንጂ አልረገጥሁትም። ልቤ ጠፍቶ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ስንኙን ድገምልኝ ብላ ለመነችኝ። አድሯልና እምቢ አልሁ፤ አዲስ ልፈልግላት ተቀመጥሁ። ቁርሱ ቀዘቀዘ። ግን መጣ።