ያልጠመዘዝኩት ሮማን

ከአዋሽ ወዲህም ወዲያም እንደ እኔ ዛፍ የሚጠመዝዝ ሰው አልተፈጠረም። እባብ እንኳ የእጅ ሥራዬን ቢያይ «ለካ እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው» ይላል። ይህን እያልኩ ዕድሜዬን የፈጀሁት በውሸት ነው። እውነቱን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ለአንተ ለአንባቢዬ ልናገር።

በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የሠራተኞች ክበብ አትክልተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ውኃ ማጠጣትና ሰው ማሳቅ ነበር። ዛፍ የሚጠመዝዙት ጋሽ ቱሉ ነበሩ። በክበቡ ግቢ የነበረውን ሮማን ከችግኝነቱ ጀምረው በሽቦ እያሰሩ፣ እየፈቱ፣ እንደገና እያጠፉ አሳደጉት። ጥር ላይ ቅጠሉ ረግፎ ግቢው አቧራ ሲለብስ፣ ያ ራቁት ግንድ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ብቻውን ያምራል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣን ሮማኑ ፊት ቆመና «ይህን የሠራው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ!»

ጋሽ ቱሉ መቀሳቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ቀልድ ነበር ልበል? ቀልድ ከሆነ ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ለምን አልሳቅኩም? በሳምንቱ የአትክልት ኃላፊ ሆንኩ፤ እሳቸው በር ጥበቃ ተመደቡ። በዚያ ዘመን ጓድ ያደነቀውን ማን ያስተባብላል? ይህን ግፍ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። እኔ።

አልተሳደቡም። መቀሱን ሲያስረክቡኝ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «የአንተ ከሆነ እንግዲህ ክረምት ሳይገባ ሽቦውን ፍታለት። ዝናብ ሲያገኝ ይወፍራል፤ ሽቦው ያንቀዋል።»

«ለእኔ ነው እንዴ የሚነግሩኝ፣ ጋሽ ቱሉ?» ብዬ ሰው አሳቅኩባቸው።

አልፈታሁትም። ለምን? ዘበኛ አስተማረው እንዳልባል! ዝናቡ መጣ፤ ሽቦው ልጡን በልቶ ገባ፤ መስቀል ሳይደርስ ሮማኑ በቁሙ ደረቀ። አለቆቹ ሲያፋጥጡኝ ምን አልኩ? «ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ሽቦውን ያሰሩት ግን ጋሽ ቱሉ ናቸው።» ሲያምር የእኔ፣ ሲደርቅ የእሳቸው። ከበሩም ተባረሩ።

ከናዝሬት ብዙም የማትርቀው ደራ ከተማ ገቡ ሲባል ሰማሁ። ደራ ሩቅ ሆኖ ነው? አልሄድኩም። ሞታቸውንም ከሰው ሰማሁ። ስለዚህ ማሩኝ አልልም፤ ሊምሩኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዛሬም ጎረቤት «ጋሼ፣ እስቲ የእኔንም ሮማን ጠምዝዝልኝ» ሲለኝ፣ ወገቤን ይዤ «አሞኛል» እላለሁ።

ወገቤ ደህና ነው። ዛፍ መጠምዘዝ አልችልም፤ በዕድሜዬ አንድም ጠምዝዤ አላውቅም።