አስም ነው ብል ማን ይመነኝ

በዚያ በኮሮናው ጊዜ ሰው ሁሉ አየሩ ጠራ ይል ነበር። መኪና ቀነሰ፣ ጭስ ጠፋ፣ ሰማዩ ተወለወለ ይላል። የእኔ ቤት ግን ወለንጪቲ፣ የጅቡቲ መንገድ ዳር ነው። የጭነት መኪናው አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። አየሩ መጥራት አለመጥራቱን የሚነግረኝ ሬዲዮ ሳይሆን የሚስቴ ደረት ነው። አስሟ ከልጅነቷ አብሯት የኖረ ነው፤ አቧራና የናፍጣ ጭስ ሲነካት ይነሳል።

አንድ ቀን ጠዋት በበጋው ነፋስ ተነሳባት። የምትስበው መድኃኒት አልቋል። ከንፈሯ ጠቆረ። አዳማ ሐኪም ቤት ካላደረስኳት እንደማትተርፍ አወቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገባን፤ እሷን ጥግ አስቀምጬ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ።

ከከተማው እንደወጣን ሚስቴ ሳለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«መስኮቱን ይክፈቱት አባባ፣ አየር ይግባ» አለች ከኋላችን የተቀመጠች፣ ጆሮዋን በሻሽ የጠቀለለች ሴትዮ። ይቺው ሴትዮ ገበያ ስንሄድ መስኮት የከፈተውን ሁሉ «ብርድ ልታስመታን ነው? ዝጋ!» እያለች ስትቆጣ የኖረች ናት። እኛ አገር ሰው በሙቀት ይታፈናል እንጂ መስኮት አይከፍትም። ነፋስ ጠላታችን ነበር። ያን ጊዜ ስሙ አየር ተባለና ተወደደ።

«አልከፍትም። አስም ነው ያለባት፣ አቧራው ይገድላታል» አልኩ።

«ዘንድሮ የሳለ ሁሉ አስም ነው የሚለው» አለ አንድ ጎልማሳ፣ ጭምብሉን ወደ ላይ እየሳበ።

«ሹፌር፣ አቁምና አውርዳቸው!» አለች ሴትዮዋ።

ሹፌሩ እውነትም ዳር ይዞ ቆመ። «አባባ፣ ወይ ይክፈቱ ወይ ይውረዱ» አለኝ።

ሜዳው ላይ ጥላ የለም። ሌላ መኪና ቢመጣስ የምታስል ሴት ማን ይጭናል? «አልወርድም፣ አልከፍትምም። ከፈለጋችሁ ጎትቱን!» አልኳቸው። እኛን መንካት ስለፈሩ ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም።

ሚስቴ ግን እንደኔ ግትር አይደለችም። «አንተ ሰውዬ፣ በክርክር ልትገድለኝ ነው?» አለች በተቆራረጠ ትንፋሽ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ እጄን ገፍታ መስኮቱን ራሷ ከፈተችው።

ሹፌሩ ነዳ። ብዙም ሳንሄድ ተሳቢ የሚጎትት መኪና የመንገዱን ዳር እየረገጠ በጎናችን አለፈ። አቧራውና ጥቁሩ ጭስ ተጠቅልሎ ገባ። ሹፌሩ ሳለ። ጎልማሳው ጭምብሉን አውልቆ ሳለ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች፤ ሰው ሁሉ ሲያያት ደነገጠች።

«ያ ረቢ! አቧራ ነው! እኔ ምንም የለብኝም፣ አቧራ ነው!»

«አስም ነው በያ» አልኳት። ማንም አልሳቀም። ሚስቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጥኖ ነበር።

ሴትዮዋ በእኔ ላይ ተንጠራርታ መስኮቱን ዘጋችው። ክንዷ ሚስቴን ነካት፤ አልሸሸችም። «ሹፌር፣ መናኸሪያ እንዳትገባ! በቀጥታ ሐኪም ቤት!»

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ለሚስቴ ኦክስጅን አደረጉላት። እኔን ኮሮናው ይኖርብሃል ብለው ውጭ አቆሙኝ። ነፋሱ ፊቴን እየገረፈ ስጠብቅ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወጣች።

«አባባ፣ ባለቤትዎ ‹ያ ግትር ሰውዬ ሻይ ያምጣልኝ› ብለዋል።»

«ግትር ካለችኝስ ተርፋለች» አልኩ። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።