ጭቃ ያልነካት ሱዙኪ

ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ግራሶ ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል።

ያኔ ገርጂ ክረምት ሲገባ ጭቃ በጭቃ ነው። አባዬ ለትንሿ ሱዙኪያችን የፊት ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ገዝቶ አንድ እሁድ ጠዋት ራሱ ገጠመላት። ብሎኑን ግራሶ እየቀባሁ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

"ይሄን ስታዞሪው የፊቱም ጎማ ይጎትታል፤ ከእንግዲህ ጭቃ ብሎ ነገር የለም!" አለኝ።

እጃችንን ሳንታጠብ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እየሮጠች ገባች። "ጋሼ ታደሰ፣ ባሌ ታሞብኛል፤ እስከ አስፋልቱ ብቻ ያድርሱልኝ።"

አባዬ የሚያብረቀርቀውን መቆለፊያ አየ፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ጭቃም አየ። "ምን ላድርግ፣ የፊቱን ፈታትቼዋለሁ፤ ገና አልገጠምኩትም" አላት።

"ገጥመነዋል እኮ አባዬ!" አልኩ፣ የረሳ መስሎኝ።

እትዬ ዘነበች ፀጉሬን ዳበስ አድርጋ፣ "ይሁን፤ ጭቃም ይደርቃል" አለችና ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቶች ባሏን ተሸክመው በደጃችን አለፉ። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ንጹሑን ጎማ ይወለውል ነበር።

ሰውዬው ድኗል። መንገዱም አስፋልት ሆኖ፣ እንዳለችው ጭቃው ደርቋል። አባዬ ግን እትዬ ዘነበችን ከሩቅ ካየ ዛሬም መንገድ ይቀይራል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እከተለዋለሁ።