አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሸክላ ሠሪ

በእንሴኖ የገበያ ቀን ደረጄ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት ገብታ ከመካከላችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ደርቋል፤ ነጠላዋ ግን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው የጸዳ ነው። ከሸክላ ሠሪዎቹ ወገን መሆኗን ሁሉም ያውቃል። የእሷ ወገኖች እዚህ ሻይ የሚጠጡት ደጅ ቆመው፣ ለብቻ በተቀመጠላቸው ጣሳ ነው።

አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። እኔ አልተነሣሁም። ባለፈው ገበያ እዚሁ ስትቀመጥ የፈላ ውሃ ደፍተውባታል። ክንዷ አሁንም በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ውጪ ብያለሁ!» አላት ደረጄ፣ የፈላ ውሃ የሞላውን ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ አንሥቶ።

«ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ወንድሜ።»

ባሏ ከመንገዱ ማዶ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። ሊሻገር ሲል በእጇ ምልክት ከለከለችው።

«አትፈሪም እንዴ፣ እህቴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እፈራለሁ እንጂ! ከፍርሃቴ የተነሣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ግን የፈለግሁት አብሬያችሁ መቀመጥ ነው። ባሌ ደረጄን ቢያቆስለው እንዴት አብሬው እቀመጣለሁ?»

ደረጄ እንፋሎቱ የሚትጎለጎለውን ማንቆርቆሪያ ከራሷ በላይ ያዘ። ዓይኗን ጨፈነች፤ አልተነሣችም። በመጨረሻ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ።

ሻይ የቀዳላት አልነበረም። ገበያው ሲበተን ተነሥታ ወደ ጓዳው ተጣራች፦

«ደረጄ፣ ደህና ዋል። በሚመጣው ገበያ እመለሳለሁ።»